መስመሩ ተይዟል

ወይዘሮ አስቴር የተቀበረችው ሀና ማርያም ነው። የእህቷ ልጅ የሕይወት ታሪኳን በድምፅ ማጉያ እያነበበ "ዝምተኛ፣ ታጋሽና ሰው አክባሪ ነበረች" የሚለው ላይ ሲደርስ እግሬ አልቆም አለኝ። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ሐዘኑ የከበደኝ መስሏቸው ክንዴን ያዙኝ። ሐዘኑ አልነበረም። እጄን አውጥቼ "ይቅርታ፣ እርማት አለኝ" ማለት ነበር የቃጣኝ።

በአገራችን የሞተ ሰው ሁሉ ታጋሽ ነው። በዕድሜዬ ብዙ የሕይወት ታሪክ አንብቤአለሁ፤ የነገሥታትንም፣ የወንበዴዎችንም። እንደ እኛ የቀብር ላይ ንባብ ሰውን ከራሱ ጋር የማያገናኝ ጽሑፍ ግን አልገጠመኝም። ሕያዋንን በነቀፋ እናማለን፤ ሙታንን በሙገሳ። አስቴር ዝምተኛ አልነበረችም። እንደ እሷ ለፍላፊ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም፤ የምትለፈልፈው በጣቷ መሆኑ ነው እንጂ። ትዕግሥቷንማ ተዉት። ወንበር ላይ እንኳ መቀመጥ የማትችል ሴት ነበረች፤ ቆማ ነበር የምትተይበው፣ ያውም አንድ እግሯን እያርገፈገፈች።

የማውቃት መካኒሳ ውስጥ፣ ሰሊጥና ኑግ ወደ ውጭ አገር በሚልክ አንድ መካከለኛ ድርጅት ነው። ኢንተርኔት የሚባለው ነገር አገራችን በገባ ማግሥት ነበር። እኔ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ አርቃቂ፣ እሷ ጸሐፊ። የድርጅቱ ባለቤት ጋሽ ከድር ይባላሉ፤ ንግዱን ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ተነሥተው ያቆሙ፣ ሶላታቸውን የማያጓድሉ፣ ሰው ሲቸገር ቆሞ ማየት የማይሆንላቸው ሰው። ቢሮው አንድ ሰፊ ክፍል ነው። ሁለት ኮምፒውተርና አንድ የስልክ መስመር ነበረን። በዚያ ዘመን ኢንተርኔት የሚገባው በዚያው በስልኩ መስመር ነው። ሞደም የምትባለው ሳጥን ጮኻ ጮኻ ከተገናኘች በኋላ ስልኩ ተይዟል ማለት ነው፤ ማንም ቢደውል አይገባለትም። ወጣት አንባቢ ይህን አላየውምና ልብ ይበልልኝ።

አስቴር አንደበቷ ይያዝ ነበር። ሁልጊዜ አይደለም፤ በሁሉም ቃል ላይም አይደለም። ሰ፣ መ፣ ወ፣ አ፤ ጠላቶቿ እነዚህ ነበሩ። ሌላው ቃል እንደማንኛችንም ይወጣላታል። እነሱ ላይ ስትደርስ ግን አንገቷ ይወጠራል፣ ዓይኗ አንድ ቦታ ይተከላል፣ ቃሉ ደጃፍ ላይ ቆሞ አልወጣም ይላል። የገዛ ስሟ እንኳ በጠላት እጅ ነበር፤ አንዱ ይጀምረዋል፣ ሌላው ይቀበለዋል።

ስለዚህ ኑሮዋን በእነዚህ ፊደሎች ዙሪያ እየተጠማዘዘች ነበር የምትኖረው። ማኪያቶ ትወዳለች፤ ካፌ ስንገባ ግን ሻይ ታዛለች። የምትወደውን ሳይሆን ልትጠራው የምትችለውን ነበር የምትጠጣው። ቤቷ ጎፋ ነው። ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ" ማለት ስለማትችል ሌላ ሰው ወራጅ እስኪል ትጠብቅና አብራው ትወርዳለች፤ ሰፈሯን አልፋም ቢሆን። ከዚያ በእግሯ ትመለሳለች። የማያውቃት ሰው በእግር መሄድ የምትወድ ይመስለው ነበር። የቀብሩ ንባብ ትንሽ ቢረዝም ኖሮ "ስፖርት ወዳድ" ማለቱ አይቀርም።

ጋሽ ከድር ደግ ሰው ናቸው ብያለሁ። ችግሩ ደግነታቸው ይፈጥን ነበር። አስቴር ቃል ላይ ስትያዝ እሳቸው ይጨርሱላታል። አንድ ቀን ከደጅ ገብታ ፊታቸው ቆመች።

"ጋሽ ከድር፣ ሰ..."

"ሰነዱ?"

ራሷን ነቀነቀች። "ሰ..."

"ሰሊጡ! ሰሊጡ ምን ሆነ?"

"አ... ሰ..."

"ሰይፉ! ሰይፉ ደወለ? እኮ ንገሪኝ፣ ልጄ፣ ምን አለ?"

ሰይፉ የዱባይ ወኪላችን ነው። አስቴር ዞር አለች፣ ወደ ኮምፒውተሯ ሄደች፣ ቆማ ተየበች። ሁለቱን ኮምፒውተሮች የሚያገናኝ ገመድ ነበረን፤ ከአንዱ ወደ ሌላው አጭር መልእክት የሚልክ ትንሽ ፕሮግራምም አብሮ መጥቷል። እኔ ስክሪን ላይ ብቅ አለ፦ "ሰዎቹ መጥተው በር ላይ ፀሐይ እየበላቸው ነው በልልኝ።" ወዲያው ሌላ ተከተለ፦ "ቃሌን ከአፌ የሚቀሙኝ ሁሉ ለምንድነው የተሳሳተውን ቃል የሚያነሱት?"

በላቲን ፊደል ነበር የምንጻጻፈው፤ እዚህ ወደ ራሳችን ፊደል መልሼዋለሁ። ያለ ሥራ የቆየች እንደሆነ በዚያች ፕሮግራም የማታወርድብኝ አልነበረም። የማረቅቃቸው ደብዳቤዎች ከነጥቡ በፊት ረጅም ዳርዳርታ ስለሚበዛባቸው "አቶ መግቢያ" የሚል ስም አወጣችልኝ። "አቶ መግቢያ፣ ዛሬ ሸሚዝህን ማን ነው የተኮሰው፣ ጠላትህ?" "አቶ መግቢያ፣ የጻፍከው ደብዳቤ ገዥው ዘንድ ሲደርስ ሰሊጡ በቅሎ ይጠብቀዋል።" ሦስት እርምጃ ርቃ ቆማ፣ ፊቷን እንኳ ሳታዞር። ዝምተኛ ይሏታል!

ስልኩ ግን የሚታለፍ አልነበረም። ጸሐፊ ናትና ያለው እሷ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሲጮህ ሁለቱም ትከሻዎቿ ወደ ጆሮዋ ይወጣሉ። "ሃሎ"ን ትወጣዋለች። ደዋዩ "ማን ልበል?" ሲላት ነው ጉዱ። "አ..." ብላ ስሟ ላይ ትቆማለች። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ዝምታውን ያዳምጥና "ሃሎ! ሃሎ! ኤጭ፣ ይሄ መስመር!" ብሎ ይዘጋዋል። ከሁሉ በላይ የሚያበግናት ይህ ነበር። መንተባተቧ እንኳ የራሷ ተደርጎ አይቆጠርላትም፤ የመስመር ብልሽት ሆኖ ነው የሚያልፈው።

ደንበኞች ማጉረምረም ጀመሩ። ጸሐፊ ስልክ ካላነሳች ምኑን ጸሐፊ ሆነች የሚል ነገር ጋሽ ከድር ጆሮ ደጋግሞ ገባ። አንድ ቀን እኔን ወደ በረንዳ አወጡኝና ዓይናቸውን ከዓይኔ እያሸሹ፣

"እንደው ስልክ የምታነሳ ደህና ልጅ ብታውቅ..." አሉኝ።

"አስቴርን ምን ሊያደርጓት ነው?"

"እኔ እንጃ፣ ወንድሜ። ልቤ እሺ አይለኝም። ግን ንግድ ነው።"

መስኮቱ ክፍት ነበር። ስንመለስ አስቴር የምትተይበውን አላቋረጠችም፤ እግሯ ግን ከወትሮው ይልቅ ይርገፈገፍ ነበር።

ያተረፋት ሰይፉ ነው፤ ይልቁንም ሰይፉ ለእረፍት ሲመጣ ኮምፒውተሯ ላይ የጫነላት የመልእክት ፕሮግራም። ነገሩ ዛሬ ለማንም አይደንቅም። የወዳጅህ ስም ስክሪኑ ጥግ ላይ ይቀመጣል፤ እሱ ዱባይ ላይ ኮምፒውተሩን ከከፈተ ምልክቷ አረንጓዴ ትሆናለች፤ የጻፍክለት እዚያው በዚያው ይደርሰዋል። ፋክስ አይጠበቅም፣ ስልክ አይጮህም፣ ማን ልበል የሚል የለም። ስሟ ከየመልእክቱ ራስጌ ራሱ ይጻፋል። አስቴር መጀመሪያ ቀን ያንን ስታይ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አኑራ ስሟን ስትነካው አይቻታለሁ።

እኛ ሌሎቻችን ፕሮግራሙን እንደ ስልክ ነበር የምንጠቀምበት። ሰላም ነህ፤ ሰላም ነኝ፣ አንተስ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፤ ከዚያ መስመሩ ይቆረጣል። መካኒሳ ትንሽ ዝናብ ካካፋ መስመር ይቆረጥ ነበር። አስቴር ይህንን ሁሉ ባንድ ሳምንት ገለባበጠችው። ከመገናኘቷ በፊት የምትለውን ሁሉ ባዶ ገጽ ላይ ጽፋ ትጨርሳለች፤ መስመሩ ሲከፈት እየገለበጠች መላክ ብቻ። አንድ መልእክት አንድ ጉዳይ ነው፤ ሁለት ነገር የጠየቁት ሰው አንዱን ብቻ ነው የሚመልሰው ትል ነበር። መልስ ስትጠይቅ አዎ ወይም አይ እንዲበቃ አድርጋ ትጠይቃለች። ማውዙን መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበት ሁሉንም ነገር በኪቦርድ ትሠራለች። ለምን ስላት "የአይጥ ቦታዋ መሳቢያ ነው" የሚል መጣልኝ።

ከሁሉ የከፋው ሰላምታን መጨረሻ ላይ ማድረጓ ነው። ሰይፉ አኮረፈ።

"አስቴር፣ ምነው? እናቴ እንኳ ስትቆጣኝ እንደምን አደርክ ብላ ነው የምትጀምረው።"

"ሰላምታ ከላይ ካደረግሁ መስመሩ ሲቆረጥ የሚደርስህ ሰላምታ ብቻ ነው። ዋናው ይቅደም፤ ሰላምታ ከተረፈ ይደርሳል። መርከቡ መቼ ነው የሚጭነው?"

"ሐሙስ። አሁን ጠይቂኝ።"

"ጉልበትህ ተሻለህ?"

ሰይፉ ጉልበቱን ያመው ነበር። ይህን ሳየው ብዙ አሰብኩበት። ማሽን ሰላምታችንን ገደለብን፣ ጨዋነታችንን በላብን እያሉ የሚያለቅሱ ሰዎች ያኔም ነበሩ፣ ዛሬም ሞልተዋል። እኔ አልስማማም። የእኛ ሰላምታ ጥያቄ ሳይሆን አጥር ነው፤ ሊሞት የሚያጣጥር ሰው እንኳ ደህና ነኝ ይልበታል። አስቴር አጥሩን ከፊት አንሥታ ከኋላ ስታደርገው፣ ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ የምትጠይቀው ጥያቄ ምንም የማይፈለግበት ጥያቄ ሆነ። ስለዚህ የምር ሆነ። ሰይፉም ስለ ጉልበቱ በዝርዝር ይመልስላት ጀመር፤ ለሚስቱ ያልነገራትን ሁሉ።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው ስትሳሳት ያየኋት። ጋሽ ከድር ዱባይ ሊሄዱ ሆነና "ጋሽ ከድር ሐሙስ ይመጣሉ" ብላ ላከች። የላቲኑ ፊደል ጠ እና ተን አይለይም። መልሱ እየተንደረደረ መጣ፦

"ጋሽ ከድር ሐሙስ ይመታሉ? ማንን? እኔ ምን አጠፋሁ?"

አስቴር በሳቅ ፈረሰች። ሳቅ ላይ አትያዝም፤ ሳቋ ከማንም ሰው ይልቅ የተቃና ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትልቁ ቲ ጠ፣ ትንሹ ቲ ተ እንዲሆን ደነገገች። የሚጠብቀውን ድምፅ ደግሞ ሁለቴ መጻፍ ግዴታ ሆነ፤ "አለ" ያለው ሰው ይኑር ወይስ ይናገር እንዲለይ። ጋሽ ከድር ጉዳዩን ሲሰሙ "መመታትስ ይገባው ነበር፣ ያለፈውን ጭነት ያዘገየው ጊዜ!" ብለው አብረው ሳቁ። ስልክ ስለምታነሳ ሌላ ልጅም ከዚያ ወዲያ አላነሡልኝም።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ልምጣ። ሂሳቡ አልገጥም ይለኝ ነበር። እሷን የሚያህል ቀልጣፋ የለም። የሌላው ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ለእሷ አንድ ሻይ እስኪጠጣ ነው። ታዲያ የሞደሟ መብራት ለምን ከጠዋት እስከ ማታ ይበራል? ወደ ቢሮ የሚመጣ ሰው ሁሉ "ስልካችሁ እኮ ሁልጊዜ ተይዟል" ይላል። ጋሽ ከድር በኩራት "ሥራ በዝቶ ነው፣ አልሐምዱሊላህ" ይላሉ። እኔም እንደዚያ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ስልኩ ከጮኸ ስንት ጊዜው እንደሆነ ልብ አላልኩም። ጸጥታ ደስ ይለኛል፤ እያነበብኩ ነው የምሠራው።

ያቺ ቀን ዓርብ ነበረች፤ ክረምት። ጋሽ ከድር ለጁምዓ ሄደዋል። ሾፌሩ ፒክአፑን በር ላይ አቁሞ ውስጡ ተኝቷል። አስቴር ስክሪኗ ፊት ቆማለች። በሩ ተበርግዶ የመጋዘን ኃላፊያችን አቶ ወንድሙ ገባ፤ ከራሱ እስከ እግሩ ውሃ ይንጠባጠባል። መጋዘኑ ከሀና ማርያም ወዲያ ነው፤ ያኔ መንገዱ በክረምት ጭቃ ብቻ ስለሆነ ታክሲ አይገባበትም።

"ስልካችሁን ምን ነካው?" ብሎ ጮኸ። "ስደውል ተይዟል! ስደውል ተይዟል! ደበላ ላይ የጆንያ ክምር ተደረመሰበት። እግሩ ሁለት ቦታ ታጥፏል። መኪና ላኩ ልል ብደውል፣ ብደውል... በእግሬ ነው የመጣሁት!"

ደበላን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከጫኝዎቹ ሁሉ ጠንካራው፣ በአማርኛ ብዙ የማያወራ፣ ቢሮ ሲመጣ በሩ ላይ ጫማውን የሚጠርግ ሰው። ሾፌሩን ቀስቅሰን ወንድሙን አስገብተን ላክን። ፒክአፑ ሲሄድ ዞሬ አስቴርን አየሁ። ፊቷ የሰው አይመስልም። ከዚያ ስክሪኗን አየሁ። የሰይፉ ስም አጠገብ ያለችው ምልክት ግራጫ ነበረች። ዓርብ ነው። የሰይፉ ቢሮ ዓርብ ዝግ ነው፤ ይህን ከኛ ቢሮ የማያውቅ የለም። የሚጻፍለት ሰው የለም፣ የሚጠበቅ መልእክት የለም፣ የሞደሟ መብራት ግን ይበራል።

ያኔ ገባኝ። ያን ሁሉ ጊዜ መስመሩን የያዘችው ልትጽፍበት አልነበረም። ስልኩ እንዳይጮህ ነበር።

ወደ ቦታዬ ሄጄ በትንሿ ፕሮግራም ጻፍኩላት፦ "ጋሽ ከድር ሲመጡ መስመሩን ዝናብ ነክቶት ነበር በይ።" የሚታመን ነገር ነበር። በክረምት የአዲስ አበባ ስልክ ግማሹ ተበላሽቶ ነው የሚከርመው፤ ከተማው በሙሉ የሚዋሸው ውሸት ነው። መልሷ አንድ ቃል ነበር፦ "አይ።" ቀጥላ ገመዱን ከሞደሟ ነቀለችው።

ጋሽ ከድር ከመስጊድ ሲመለሱ ወሬውን በር ላይ ሰምተውታል። ኮፍያቸውን እንኳ ሳያወልቁ ቆሙ።

"አስቴር፣ ስልኩ ለምን ተያዘ?"

አስቴር ወደ ኪቦርዷ ጎንበስ ብላ አንድ መስመር ጻፈች፤ ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞረችው። ጋሽ ከድር በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ አይሆንላቸውም። "አንተ፣ አንብብልኝ" አሉኝ። ተነሣሁ። አስቴር እጇን ዘርግታ አስቆመችኝ። ከዚያ ያንን በስንት ብልሃት ስትሸሸው የኖረችውን ቃል ጀመረች።

"ስ..."

ጋሽ ከድር አፋቸውን ከፈቱ። ሊጨርሱላት ነበር። ፊቷን አይተው ዝም አሉ። ምን ያህል እንደቆየች አላውቅም፤ ውጭ ዝናቡ ሲያባራ ይሰማኛል። "ስ... ስልኩ... እንዳይጠራ ብዬ ነው። ፈርቼ።"

ሌላ አሠሪ ቢሆን ይጮህ ነበር፤ ወይም ደግሞ አይዞሽ ብሎ ያቅፋት ነበር። ሁለቱም ይቀል ነበር። ጋሽ ከድር ወንበር ፈልገው ተቀመጡ፤ እጃቸውን በጉልበታቸው መሃል አደረጉ።

"እኔን አይደለም የበደልሽው፣ ልጄ" አሉ። "የተሰበረው የእኔ እግር አይደለም። ሽማግሌ ይዘሽ ሂጂ፤ ያደረግሽውን ለእሱ ንገሪው። እሱ ከማረሽ ወንበርሽ ወንበርሽ ነው። ካልማረሽ ግን እኔ በእሱ እግር ላይ ምን ሥልጣን አለኝ?"

ሽማግሌ የሆንኩት እኔ ነኝ፤ ገና ሚስት እንኳ ሳላገባ። በእኛ ደንብ በዳይ አይናገርም። ሽማግሌ ይናገርለታል፤ እሱ አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። አስቴርን የሚያህል ይህ ደንብ የሚመቸው ሰው የለም ብዬ አሰብኩ። ቅዳሜውን ሙሉ ንግግሬን ሳዘጋጅ ዋልኩ። አባባል መረጥኩ፣ የሰውን ደካማነት የሚያስታውስ ምሳሌ ፈለግሁ፣ ይቅርታን ከወዴት በኩል አድርጌ እንደማስገባው አሰላሰልኩ። እውነቱን ለመናገር በጣም ጥሩ ንግግር ነበር።

እሑድ ሆስፒታል ሄድን። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለውም። ደበላ ከብዙ አልጋዎች መሃል ነበር። የተሰበረው እግሩ በገመድ ወደ ላይ ተሰቅሏል፤ ከገመዱ ጫፍ ክብደት ተንጠልጥሏል። ሲያየን ለመነሣት ሞከረና ገመዱ ያዘው፤ ተሳቀቀ። ብርቱካኑን ራስጌው አስቀመጥን። የጎረቤቱ አልጋ ላይ የተኛ፣ ራሱ በፋሻ የተጠቀለለ ወሬ ወዳድ ሰውዬ ወደ እኛ ዞረ። እኔ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ።

"ወንድማችን ደበላ፣ እንግዲህ ሰው ሆኖ የማይሳሳት፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ..."

አስቴር የኮቴን እጅጌ ያዘችኝ። ዞሬ ሳያት ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ አለፈችኝና ከእግሩ በኩል ወደ ራሱ በኩል ሄደች። ንግግሬን ይዤ ቀረሁ።

"ደበላ፣ ስ..."

ተያዘች። እስካሁን ካየሁት ሁሉ የባሰ መያዝ ነበር። የአንገቷ ሥር ተወጠረ። በዙሪያው ያሉ ጠያቂዎች አንድ በአንድ ወሬያቸውን እያቆሙ ዞሩ። ባለ ፋሻው ሰውዬ አዘነላት።

"ስኳር? ስኳር ይዘሽለት መጣሽ?"

"ስ..."

"ስምህ ነው? ስሙ ደበላ ነው፣ እህቴ።"

"ተዋት" አለ ደበላ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። "ተዋት አንተ። እሷ ትናገራለች።"

እኔም ቃሉ አፌ ላይ ነበር። ሦስት ፊደል ናት፤ እንዲህ ብዬ ብወረውርላት ሁሉም ነገር ያልቃል። የደበላን ፊት ሳይ ግን ዋጥኩት። ሰውዬው አማርኛን ያወቀው ጎልምሶ ነው። ወደ ቢሮ ሲመጣ አንድ ዐረፍተ ነገር እስኪያቃና ሁላችንም፣ እኔም ጭምር፣ ቃል እናቀብለው ነበር፤ እሱም ያልፈለገውን ቃል ተቀብሎ፣ አመስግኖ ይወጣ ነበር። አሁን ግን ትራሱ ላይ ተደግፎ ያያታል። አፏን አይደለም የሚያየው፤ ዓይኗን ነው።

"ስልኩ" አለች። ላቧን በመዳፏ ጠረገች። "ስልኩ... አቶ ወንድሙ ሲደውል... እ... እ..."

በሩ ላይ ያለችው ነርስ እጇን አጨበጨበች። "ጠያቂዎች፣ ሰዓት አልቋል! ውጡ፣ ውጡ በሉ!" ሰዉ ዕቃውን እየሰበሰበ፣ እየሳመ፣ እየተሰናበተ መውጣት ጀመረ። አንዷ በዘንቢሏ ገፋችኝ። ነርሷ ወደ እኛ መጣች። "እናንተም።" አስቴር በሩን አየችው፣ ነርሷን አየቻት፤ ቃሉ ግን አልወጣም። እጇ ጣቶቿን አንድ በአንድ ሲያንቀሳቅስ አየሁ፤ አየር ላይ የምትተይብ ይመስል ነበር። ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራመደች።

ደበላ እጁን ዘርግቶ የነርሷን ጋውን ጫፍ ያዘ። "ትንሽ ጠብቂ፣ እባክሽ" አላት። ከዚያ የተሰቀለውን እግሩን፣ ገመዱን፣ ታች የተንጠለጠለውን ክብደት ሁሉ ቀና ብሎ አየና ወደ አስቴር ዞረ።

"ጨርሺ፣ እህቴ" አላት። "ቀስ ብለሽ ጨርሺ። እኔ እንደሆንኩ የትም አልሄድም።"